ሰሙ ከሰል፣ ወርቁ ፕላቲነም

ሃይድሮጂን የሚለው ስም በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ነገ ነው። ጢስ የሌለው ነዳጅ፣ ሲነድ ውኃን ብቻ የሚተው እሳት፣ ገና የሚመጣ ዘመን። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ትናንት ላወራችሁ እወዳለሁ። ሃይድሮጂንን በፈሳሽ ውስጥ አሳድሮ፣ ባስፈለገ ጊዜ ከፈሳሹ ፈትቶ የማውጣት ብልሃት ዛሬ የተወለደ አይደለም፤ መሠረቱ ከተጣለ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የታሪኩ ባለቤቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ፕላቲነም የተባለ ውድ ብረት ነው፤ ሁለተኛው በየጓዳችን ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት የሚቀመጠው ከሰል ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተጽፏል። ለኋለኛው ጠበቃ የቆመለት ሰው ግን ብዙ አላገኘሁም፤ ብዕር ያነሣሁትም ስለዚሁ ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ችግሩን እንወቅ። ሃይድሮጂን ከፍጥረት ሁሉ የቀለለ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን በተራው የአየር ግፊትና ሙቀት 12 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይወስዳል፤ ይህም አንዲት አነስተኛ ክፍልን ግማሽ ያህል ይሞላል። እንዲህ ያለውን ነገር በምን ዕቃ ይዘው ይጓዛሉ? አንደኛው መንገድ ጨቁኖ መያዝ ነው፤ ለመኪና የሚሆነው በ700 ባር ግፊት ይታመቃል። ሁለተኛው አቀዝቅዞ ማፍሰስ ነው፤ ለዚህ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል። ሁለቱም ጡንቻ የሚጠይቁ፣ ወጪያቸውም የከበደ መንገዶች ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ አደራ ማስቀመጥ ነው። ሃይድሮጂኑን ለአንድ ፈሳሽ ያስረክቡታል፤ ፈሳሹም እንደማንኛውም ዘይት በበርሜልና በቦቴ ይጓዛል፤ በደረሰበት አገር ሃይድሮጂኑን ይመልስና ባዶውን ሌላ አደራ ሊቀበል ይሄዳል። ከእነዚህ ባለ አደራዎች አንዱን ሁላችሁም በሽታው ታውቁታላችሁ። ልብስ ብል እንዳይበላው በቁም ሣጥን የምናስቀምጣት ያቺ ነጭ እንክብል ናፍታሊን ናት። የናፍታሊን አንዱ ሞሊኪውል አምስት የሃይድሮጂን ሞሊኪውሎችን ሲቀበል ዴካሊን የተባለ ፈሳሽ ይሆናል። ዴካሊን ከክብደቱ ከመቶ ሰባት የሚበልጠውን መመለስ በሚችለው ሃይድሮጂን መልክ ይሸከማል። አደራውን ሲመልስ ተመልሶ ናፍታሊን ነው።

ነገር ግን ዴካሊን ያለ ምክንያት አደራውን አይለቅም። ማንም ሳይዳኘው ቢያሞቁት እንኳ ግትር ነው። በመካከል የሚቆም አማላጅ ይሻል፤ ይህ አማላጅ ጠበብቱ ካታሊስት የሚሉት ነው። ካታሊስት በሁለት ወገኖች መካከል ገብቶ ነገራቸውን የሚያፋጥን፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ግን እንደ ገባ የሚወጣ ነው። ከሙሽሮቹ አንዱንም አያገባም፤ ከድግሱም አይቀምስም። የታሪካችን ዋና ጉዳይ ይህ አማላጅ እንዴት እንደ ተገኘ፣ በኋላም በከሰል ላይ እንዴት እንደ ተቀመጠ ነው።

በ1817 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ለማዕድን ቆፋሪዎች የሠራውን የደኅንነት ፋኖስ ሲመረምር አንድ እንግዳ ነገር ተመለከተ። የሞቀ የፕላቲነም ሽቦ ተቀጣጣይ ጋዝ ከአየር ጋር በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ሲያስገባ ሽቦው ያለ ነበልባል ፍም መስሎ ይቀላ ጀመር፤ ጋዙ እስኪያልቅም ቀልቶ ቆየ። ጋዙ እየነደደ ነው፤ እሳት ግን የለም። ስለ ዴቪ ለዚህ ገጽ አንባቢያን አንድ ነገር ሹክ ልበል፤ ሰውየው ግጥም ይጽፍ ነበር። የኮልሪጅ ወዳጅ ነበር፤ ዎርድስዎርዝም በ1800 የግጥም መድበላቸው ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ሲል ሥርዓተ ነጥቡን እንዲያርምለት የለመነው እርሱን ነው። የነጠላ ሰረዝና የድርብ ሰረዝ አራሚ የነበረ ሰው ነበልባል የሌለውን እሳት ለማየት የመጀመሪያው መሆኑ ደስ ያሰኘኛል። ዝርዝር የማይንቅ ዓይን በሁለቱም ሥራ ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ የታሪኩ መድረክ ወደ ጀርመን፣ ወደ ትንሿ የየና ከተማ ይዛወራል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ዮሃን ቮልፍጋንግ ዶበራይነር የተባለ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። አባቱ የሠረገላ ነጂ ነበሩ፤ እርሱም ደረጃውን የጠበቀ ትምህርት ቤት ሳይገባ በመድኃኒት ቀማሚ ዘንድ አገልግሎ፣ ቀሪውን በራሱ አንብቦ የተማረ ነው። በ1810 ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ በበላይነት ይቆጣጠሩት ከነበሩት ሹማምንት አንዱ ሌላ ሳይሆን ባለ ቅኔው ጎተ ነበር። ጎተ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1809 ባሳተመው ልብ ወለዱ፣ ስሙን በእኛ ቋንቋ «በምርጫ የሚሆን ዝምድና» ልንለው በምንችለው መጽሐፍ፣ የኬሚካሎችን መዋደድና መለያየት የባልና የሚስት፣ የእንግዳና የባለቤት ፍቅር መመርመሪያ አድርጎታል። አንዱ ሌላውን ትቶ ከሦስተኛው ጋር ይጣመራል፤ ማንም አላዘዘው፤ ጠባዩ ነው። ጎተ ያላሰበው ነገር ቢኖር ከሁሉም ጋር ሳይጣመር ሁሉንም የሚያጣምርና የሚያፋታ አንድ አራተኛ ወገን መኖሩን ነው። ይህንን አራተኛ ለማሳየት የታደለው የጎተ ወዳጅ ዶበራይነር ሆነ።

በ1823 በሐምሌ ወር መጨረሻ ዶበራይነር እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ የፕላቲነም ዱቄት አዘጋጅቶ የሃይድሮጂን ጋዝ ከአየር ጋር እየተቀላቀለ እንዲነፍስበት አደረገ። ፕላቲነሙ ወዲያው ቀላ፤ ሃይድሮጂኑም ክብሪት ሳይጫርበት፣ ፍም ሳይነካው ነደደ። ነገሩን ከሰሙት ቀዳሚዎች አንዱ ጎተ ነበር፤ ዶበራይነር ወዲያው በደብዳቤ አስታወቀው። ከዚህም ግኝት የዶበራይነር መብራት የተባለው መለኰሻ ተሠራ። በአንዲት የመስታወት ዕቃ ውስጥ ዚንክና የሰልፈሪክ አሲድ ይገናኛሉ፤ ሃይድሮጂን ይወጣል፤ በቀጭን ቧንቧ ወደ ፕላቲነሙ ይነፍሳል፤ እሳትም ይሆናል። የክብሪት እንጨት ገና ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። መለኰሻው በየሀብታሙ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ጎተም ዘንድ ነበረ። ሠሪው ግን የፈጠራ መብት አላስመዘገበበትም፤ ማንም እንዲሠራው ተወው። ዕድሜውን ሙሉ ሀብታም ሳይሆን በ1849 ዐረፈ። ይህን የፈጠራ መብት ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ይመለሳል።

ለነገሩ ስም ያወጣለት ስዊድናዊው በርዜሊየስ ነው። በ1835 ዶበራይነርንና ሌሎችን ያስገረሙትን እነዚህን ክስተቶች ሰብስቦ ካታሊሲስ አላቸው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ሥሩም መፍታት ማለት ነው። እኛም ፈታ ስንል ቋጠሮ መፍታት፣ ባልና ሚስት መፋታት፣ ሕልም መፍታት፣ ቅኔ መፍታት ሁሉ በአንድ ሥር ይገባሉ። ለዴካሊን ከዚህ የተሻለ ግስ አይገኝም፤ ፕላቲነሙ ሃይድሮጂኑን ይፈታዋል።

እስከዚህ የነገርኋችሁ የወርቁን ወገን ነው። አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ።

ከሰል ሽታና ቀለም እንደሚመጥ ከጥንት ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩን ወደ ሳይንስ መዝገብ ያስገባው ሎቪትዝ ነው። በ1785 በሴንት ፒተርስበርግ የመድኃኒት ቀማሚ ሳለ፣ የቆሸሸ ፈሳሽ ከከሰል ጋር ሲገናኝ እንደሚጠራ አስመሰከረ። ከዚያ ወዲህ ስኳር አንጣሪዎችና አልኮል አጣሪዎች ከሰልን የሙያቸው መሣሪያ አደረጉት። በ1854 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጆን ስቴንሃውስ የከሰል ዱቄት በወንፊት ሽቦ መካከል ያለበት የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሠራ። በዚሁ ሰሞን ያው ሰው ከሰልን በፕላቲነም ቀብቶ ኃይሉ እንዴት እንደሚጨምር አሳይቷል። እንግዲህ የሁለቱ ጋብቻ የመጀመሪያ ቃል ኪዳን ያኔ ታስሯል ማለት እንችላለን፤ የፈሳሹ ሃይድሮጂን ነገር ግን ገና አልተነሣም።

ከሰል ይህን ሁሉ የሚችለው በምን ኃይሉ ነው? በባዶነቱ ነው። በእንፋሎት ወይም በኬሚካል የነቃ ከሰል ውስጡ በዓይን በማይታዩ ጉድጓዶችና ዋሻዎች የተሞላ ነው። የአንድ ግራም ከሰል የውስጥ ግድግዳ ተዘርግቶ ቢለካ 1000 ካሬ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። በጣት ጫፍ የምትያዝ ቁራሽ የሁለት መካከለኛ ግቢዎችን ያህል መሬት አላት። በዚህ መሬት ላይ ፕላቲነምን በጥቂቱ፣ እንደ ጤፍ ዘር በትነው ቢያሰፍሩት እያንዳንዱ እንክብል ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት ሚሊዮንኛ የሚበልጥ አይሆንም። ፕላቲነም የሚሠራው በቆዳው እንጂ በሆዱ አይደለም፤ በመሐሉ የተቀበረው አተም ከፈሳሹ ጋር ስለማይገናኝ ሥራ ፈት ነው። እጅግ ደቅቆ ሲበተን ግን አብዛኛው አተም ደጅ ወጥቶ ይሠራል። ከሰሉ ባይኖር ደቃቆቹ በሙቀቱ ተሰባስበው፣ ተጣብቀው፣ ተመልሰው ድንጋይ በሆኑ ነበር። ከሰሉ እያንዳንዱን በቦታው ይዞ ያቆየዋል።

ሁለቱን ወገኖች በአንድ እጅ የያዘ ሰው የመጣው ከሩሲያ ነው። ኒኮላይ ዘሊንስኪ በ1861 በቲራስፖል ተወለደ፤ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ አያቱ አሳደጉት። በኦዴሳ ተምሮ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጀርመን ሄደ። በጎቲንገን ላቦራቶሪ ሌላ ነገር ሊሠራ ሲል አንድ ዘይት መሰል ፈሳሽ አገኘ፤ ፈሳሹም አቃጥሎት ሆስፒታል አስተኛው። ያ ፈሳሽ ዓለም በኋላ የሰናፍጭ ጋዝ ብሎ ያወቀው ነው። በዚያ መርዝ ከተጎዱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እንግዲህ ወጣቱ ዘሊንስኪ ነበር።

በ1893 የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ያን ጊዜ በፈረንሳይ ፖል ሳባቲዬ ከሰንደረንስ ጋር ሆኖ ኒኬልን አማላጅ አድርጎ ሃይድሮጂንን ወደ ቤንዝን ማስገባት ችሎ ነበር፤ ለዚህም ዓይነት ሥራው በ1912 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። (ቤንዝን ያልሁት በማደያ የምንቀዳውን ቤንዚን አይደለም፤ በስም ቢቀራረቡም ሌላ ነው።) ዘሊንስኪ የጠየቀው ጥያቄ ተቃራኒው ነው። የገባው ሃይድሮጂን በንጽሕና ተመልሶ ይወጣል ወይ? በ1911 መልሱን አሳተመ። ሳይክሎሄክሴንን በፕላቲነም ወይም በፓላዲየም ላይ በ300 ዲግሪ ገደማ ሲያሳልፈው ፈሳሹ ሃይድሮጂኑን ለቅቆ ቤንዝን ይሆናል፤ ሌላ ዝባዝንኬ አይወጣም፤ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ ሃይድሮጂን ሲሰጠው ደግሞ ይመለሳል። መግባትና መውጣት፣ ማስቀመጥና መመለስ። የዛሬው የፈሳሽ ተሸካሚ ሐሳብ በሙሉ በዚህች አንዲት ግኝት ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር፤ ምንም እንኳ ያን ጊዜ ማንም ሰው ሃይድሮጂንን በመርከብ ሊያጓጉዝ ባያስብም። የዘሊንስኪ ፍላጎት የነዳጅ ዘይትን ባሕርይ ማወቅ ነበር።

በዚያው በ1911 የትምህርት ሚኒስትሩ የዩኒቨርሲቲውን ነፃነት ሲደፍር ብዙ መምህራን ሥራቸውን ትተው ወጡ፤ ዘሊንስኪም ከእነርሱ ጋር ወጣ። ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ የገንዘብ ሚኒስቴር ማዕከላዊ ላቦራቶሪን ተረከበ። በገንዘብ ቤት ተቀምጦ ትልቅ ሐሳብ ማሰብ የሚቻል መሆኑን ይህ ታሪክ ስለሚያሳይ፣ የባንክ ሠራተኛ ለሆንሁት ለእኔ ልዩ ደስታ አለው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በግንቦት 31 ቀን 1915 ጀርመኖች ከዋርሶ በስተ ምዕራብ ቦሊሙፍ በተባለ ስፍራ በሩሲያ ወታደሮች ላይ የክሎሪን ጋዝ ለቀቁ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተጎዱ። ወታደሩ የነበረው መከላከያ በመድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ነበር፤ ጨርቁ ደግሞ የሚመክተው አንድን ዓይነት ጋዝ ብቻ ነው። ዘሊንስኪ ምን የተባለ ጋዝ እንደሚመጣ ሳይጠይቅ ሁሉንም የሚይዝ ነገር ፈለገ። አልኮል አጣሪዎች የሚያውቁት ከሰል ታወሰው። የበርች እንጨት ከሰልን አነቃቅቶ በሚነድ ድኝ ጢስ በተሞላ ክፍል ውስጥ ተፈተነ፤ ሠራም። ኩማንት የተባለ መሐንዲስ የጎማውን ጭንብል ጨመረበትና በ1916 በሚሊዮን እየተመረተ ወደ ጦር ግንባር ሄደ። ዘሊንስኪ በዚህ መሣሪያ የፈጠራ መብት አልጠየቀም፤ ለሰው ሕይወት በተሠራ ነገር መነገድ አይገባም ባይ ነበር። ዶበራይነርን ያስታውሷል። ከመቶ ዓመት ልዩነት ጋር ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ፕላቲነሙን፣ ሌላው ከሰሉን፣ ዋጋ ሳይጠይቁ ለዓለም ሰጡ። እኔ በየቀኑ የሰው ገንዘብ እየቆጠርሁ የምውል ሰው ስለሆንሁ ይህ ይገርመኛል፤ እነርሱ ያልቆጠሩትን ሌሎች ስንት ጊዜ ቆጥረውት ይሆን!

እዚህ ላይ የእኛም አገር ስም ይነሣል፤ መነሣቱም የግድ ነው። ወጣቱን ዘሊንስኪን በጎቲንገን ያቃጠለው የሰናፍጭ ጋዝ በ1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከኢጣልያ አውሮፕላኖች በአባቶቻችን ላይ እንደ ዝናብ ተረጨ። የዘሊንስኪ ከሰል የሠራው ጭንብል ለአብዛኛው አርበኛ አልደረሰም፤ ቢደርስም ሳንባውን እንጂ ቆዳውን ባላዳነው ነበር፤ የሰናፍጭ ጋዝ በቆዳ የሚገባ መርዝ ነውና። በባዶ እግሩ በተመረዘ ሣር ላይ የሚሄድ ወታደር ፊቱን ቢሸፍን ምን ይጠቅመዋል? ንጉሠ ነገሥቱ ይህንን በደል ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ተናገሩ። ማኅበሩ ሰማ፤ ከመስማት ግን አላለፈም። ስለ ጥበብ ታሪክ ስንጽፍ አንዱ ላቦራቶሪ መርዙንም መድኃኒቱንም እንደሚወልድ ብናልፈው ለአንባቢ ታማኝ አንሆንም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በ1920ዎቹ የዘሊንስኪ ላቦራቶሪ ሁለቱን ሙያዎቹን አንድ ላይ አደረጋቸው። ሃይድሮጂን የሚፈታውን ፕላቲነም መርዝ በሚይዘው ከሰል ላይ አሰፈረው። ፕላቲነም የተቀባ ከሰል ከዚያ ወዲህ የዚህ ሥራ ስመ ጥር መሣሪያ ሆነ። ታሪኬ ጫፉ ላይ የሚደርሰው እዚህ ነው፤ አብዛኛው ትረካ ግን እዚህ ላይ ከሰሉን «ተሸካሚ» ብሎ በአንድ ቃል ያልፈዋል። ተሸካሚ! እንደ ወዛደር።

እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ግን ይህን ነገር በሌላ ዓይን ማየት እንችላለን። አንጥረኛ ጌጥ ሲሠራ በሰም ቅርጹን ያወጣል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይገባል። ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። የፕላቲነምና የከሰሉም ሥራ በመጨረሻው እንዲሁ ነው። ካታሊስቱ አርጅቶ ሥራ ሲያቆም ከሰሉን ያቃጥሉታል፤ ከሰሉ ጢስ ሆኖ ይሄዳል፤ ፕላቲነሙ በአመዱ ውስጥ ቀርቶ ይለቀማል፤ ተጣርቶም በሌላ ከሰል ላይ ለሌላ ዘመን ይሰፍራል። እንደ አሉሚና ያለ ሸክላ መሰል ተሸካሚ እንዲህ በእሳት አይጠፋም፤ ከእርሱ ላይ ብረቱን ለመመለስ አድካሚ ሥራ ይጠይቃል። ሰሙን የናቀ ሰው ቅኔው እንዴት እንደ ቆመ አይገባውም። ከሰሉ ሌላም ምግባር አለው፤ ጠባዩ ዝምተኛ ነው። አሲድነት ያለው ተሸካሚ በጨዋታው ጣልቃ ገብቶ የዴካሊኑን ቀለበት ሊሰብረው ይችላል። ከሰል ግን የሚሠራውን ለብረቱ ትቶ ዝም ብሎ ይይዛል።

ይህን ዝምታ እስከ ጥግ ተጠቅመውበታል የምላቸው የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው። በቶኪዮ የሳይንስ ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ ዴካሊንን በከሰል ላይ ባለ ፕላቲነም ሲፈቱ ከሰሉን በፈሳሽ አላጥለቀለቁትም፤ አላደረቁትምም። ረጠብ ብሎ፣ ስስ የፈሳሽ ሽፋን ብቻ ለብሶ እንዲሞቅ አደረጉት። ከዚያ የወጣው ሃይድሮጂን ሙሉ በሙሉ ከተጥለቀለቀው የበለጠ ፈጣን ሆነ። ምጣዱ ቅባት ብቻ ሲነካው እንጀራው እንደሚነሣ፣ ዘይት ሲፈስበት ግን እንደሚበላሽ የምታውቅ እናት ነገሩ አይደንቃትም። የተፈታው ናፍታሊን ከብረቱ ላይ ቶሎ ተነሥቶ ቦታ ካልለቀቀ ለቀጣዩ ዴካሊን መቀመጫ አይኖርም፤ የስስነቱ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው።

እንከን የለውም ለማለት አይደለም። ናፍታሊን ከ80 ዲግሪ በታች ጠጣር ነው፤ በቁም ሣጥን ውስጥ የሚመቸን ጠባይ በቧንቧ ውስጥ መርገም ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ በሥራ ላይ የዋሉት ብዙዎቹ ወደ ሌላ ፈሳሽ አዘንብለዋል፤ በቀለም ማቅጠኛ የሚታወቀው ቶሉዊን አንዱ ነው። ሁለተኛው እንከን የአደራው ዋጋ ነው። ሃይድሮጂኑን ከእንዲህ ያለ ፈሳሽ ለመፍታት የሚያስፈልገው ሙቀት ራሱ ሃይድሮጂኑ ሲነድ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ይወስዳል። ገንዘቡን ሊያወጣ በመጣ ደንበኛ ላይ ሩቡን የሚቆርጥ ባንክ ቢኖር መስኮቱ ላይ ምን እንደምሰማ አውቀዋለሁ። ሦስተኛው ደግሞ የሚያስቅ ነው። ካታሊስቱን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ካርቦን ነው፤ ከፈሳሹ የሚወለድ ጥላሸት ብረቱን እየሸፈነ ያፍነዋል። ካርቦን የተሸከመውን ካርቦን ይቀብረዋል።

ሌላው ባለ አደራ ጉንዳን ነው። በ1671 እንግሊዛዊው ጆን ሬይ ከጉንዳን ተነጥሮ የሚወጣ ኮምጣጣ አሲድ መኖሩን አሳተመ፤ ፎርሚክ አሲድ የተባለውም በላቲን ከጉንዳን ስም ነው። በ1822 ያለ ጉንዳን በላቦራቶሪ የሠራው ማን ይመስላችኋል? ያው ዶበራይነር ነው። የዚህ አሲድ አንድ ሊትር 53 ግራም ሃይድሮጂን ይዟል፤ በከሰል ላይ የሰፈረ ፓላዲየም ብዙ ሙቀት ሳይጠይቅ ይፈታዋል። ከሃይድሮጂኑ ጋር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮ ስለሚወጣ ሰብስቦ የመመለሱ ሥራ ይቀራል። ዶበራይነር በአንድ ዕድሜው አማላጁንም ባለ አደራውንም አግኝቶ ሁለቱን ሳያገናኛቸው መሞቱ ያሳዝነኛል።

ፕላቲነም ስሙን ያገኘው በኮሎምቢያ ወንዞች ወርቅ ያጥቡ ከነበሩ ስፔናውያን ነው፤ ትንሽ ብር ማለት ነው፤ ከወርቁ መካከል እየገባ ስለሚያስቸግራቸው በንቀት ያወጡለት ስም። በእኛም አገር በወለጋ፣ በቢርቢር ወንዝ አካባቢ ዩብዶ በተባለው ስፍራ ከ1920ዎቹ ጀምሮ አፈር እየታጠበ ፕላቲነም ወጥቷል። ከሰሉንማ ማን ይነግረናል? ከዩብዶ ፕላቲነም የሚወጣበትን መሬት ባናይ እንኳ የከሰል ጆንያ የጫነች አህያ ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም። ሁለቱም በደጃችን አሉ። ከሰሉን ለቡና፣ ለዕጣን፣ ለካውያ እናውቀዋለን፤ በዚህ ጽሑፍ ያነሣሁትን ሙያውን ግን በየትምህርት ቤቱ ብናስተምር ተማሪው ኬሚስትሪን ከጓዳው ይጀምረው ነበር የሚል እምነት አለኝ።

በ2020 አንድ የጃፓን ኩባንያዎች ማኅበር ከብሩናይ ተነሥቶ ካዋሳኪ ወደ ተባለችው የጃፓን ወደብ ሃይድሮጂን አጓጓዘ። በብሩናይ ቶሉዊን ሃይድሮጂን ተቀብሎ ሜቲልሳይክሎሄክሴን ሆነ፤ እንደ ተራ ዘይት ተጫነ፤ በካዋሳኪ በፕላቲነም ተፈትቶ ሃይድሮጂኑ ለኃይል ማመንጫ ተርባይን ዋለ። የእነርሱ ፕላቲነም የሰፈረው በከሰል ላይ ሳይሆን በአሉሚና ላይ ነው፤ ለከሰል ጠበቃ ነኝ ብዬ ይህን ልሸሽግ አልችልም። ፈሳሹ ግን የዘሊንስኪ የ1911 ፈሳሽ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከሳይክሎሄክሴን የሚለየው በአንዲት የካርቦን ቅርንጫፍ ብቻ ነው። አደራውን ያስረከበው ቶሉዊንም በካዋሳኪ አልቀረም፤ ሌላ ሃይድሮጂን ሊቀበል በመርከብ ተጭኖ ወደ ብሩናይ ተመለሰ።